«ካምፓኒው ያየኛል ወይ?» በየስድስት ወሩ ስለሚመለሰው የዊንዶውስ ማሳሰቢያ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሦስት ኮምፒውተር አለኝ። ሁለቱ የቆዩ ዴስክቶፖች ናቸው። አንዱ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ዩዝድ ላፕቶፕ ነው፤ ኮር አይ ፋይቭ፣ ስምንተኛ ጄኔሬሽን። በየስድስት ወሩ አካባቢ ስክሪኑ ጥግ ላይ ዊንዶውስን አክቲቬት አድርጊ የሚል ጽሑፍ ይመጣብኛል። ልጁን እጠራዋለሁ። አንቲቫይረሱን ያጠፋል፣ ፍላሽ ይሰካል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም፣ በኮምፒውተር አምስት መቶ ብር። ሰሞኑን አንድ ደንበኛዬ ‹ካምፓኒው እኮ ያይሻል፤ አንድ ቀን ኮምፒውተርሽን ከነፋይሉ ይዘጋብሻል› አለኝ። እውነት ነው? የተማሪዎቹን ጽሑፍ ያያሉ? ምን ብታደርጊ ይሻላል ትለኛለህ?»

እህቴ፣ «አንተ» ብለሽ ስለጻፍሽልኝ እኔም «አንቺ» እላለሁ። ቅር እንዳይልሽ።

መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። የዊንዶውስ ፈቃድ ሲጣራ የተማሪዎችሽን ጽሑፍ የሚያነብ የለም። ፋይልሽን የሚቆልፍም የለም። ደንበኛሽ የነገረሽ ወሬ ግን እንዲሁ ከሜዳ የተነሳ አይደለም፤ ሥር አለው፤ እመለስበታለሁ። እኔን ያስፈራኝ ካምፓኒው ሳይሆን ፍላሹ ነው። «አንቲቫይረሱን ያጠፋል» ያልሽው ጋ ስደርስ የያዝኩትን ስኒ አስቀመጥኩ።

ከስድስት ወሩ እንጀምር። ብዙ ሰው ይህን አጋጣሚ ይመስለዋል። አይደለም።

ማይክሮሶፍት ብዙ ኮምፒውተር ላላቸው ድርጅቶች ያዘጋጀው አሠራር አለ። ኬ ኤም ኤስ ይባላል። አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲን አስቢ። ሺህ ኮምፒውተር አለው። ሺውም እየተነሱ አሜሪካ ድረስ «ፈቃድ አለኝ ወይ?» እንዳይሉ፣ ተቋሙ እዚያው ግቢው ውስጥ አንድ ሰርቨር ያቆማል። ኮምፒውተሮቹ እሱን ይጠይቃሉ፤ እሱ ይፈቅድላቸዋል። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለ180 ቀን ነው። ኮምፒውተሩ በየ7 ቀኑ ሰርቨሩን እየጠየቀ ያሳድሰዋል። 180 ቀን ሙሉ ሰርቨሩን ካላገኘው ፈቃዱ ያበቃል። ሰርቨሩ ራሱ ደግሞ ቢያንስ 25 ኮምፒውተር ካልጠየቀው ለአንዱም አይፈቅድም። ለትልቅ ተቋም የተሠራ ነገር ነዋ።

የልጁ ፍላሽ የሚያደርገው ምንድን ነው? ያንን ሰርቨር አስመስሎ አንቺው ኮምፒውተር ውስጥ ይተክላል። ኮምፒውተርሽ ራሱን ይጠይቃል፤ ራሱ ይፈቅድለታል። አመልካቹም እሱ፣ ማኅተም መቺውም እሱ። ልጁ ከሄደ በኋላ አንቲቫይረሱ ይነቃና ይህን አስመሳይ ያገኘዋል። ያጠፋዋል። የተሰጠው ፈቃድ ግን ወዲያው አይሞትም፤ 180 ቀኑን ይጨርሳል። ከዚያ ጽሑፉ ይመጣል። አንቺም ስልክ ታነሺያለሽ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ኮምፒውተር፣ አምስት መቶ ብር፤ ሦስት ሺህ ብር ማለት ነው። ለአስመሳይ ማኅተም!

እኔን ማመን የለብሽም። ሴቲንግስ ውስጥ ግቢና አክቲቬሽን የሚለውን ክፈቺ። ዊንዶውስ 10 ከሆነ አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ በሚለው ስር ነው፤ 11 ከሆነ ሲስተም በሚለው ስር። በእንግሊዝኛ «ዊንዶውስ በድርጅትሽ የአክቲቬሽን አገልግሎት አማካይነት አክቲቬት ሆኗል» የሚል ነገር ካገኘሽ ነገሩ ያ ነው። ድርጅትሽ ማን ነው? አንቺና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን። በዲጂታል ላይሰንስ ነው የሚል ካገኘሽ ግን ያ ሌላ ነው። ያ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው።

አሁን ወደ ማየቱ። አንድ ጤነኛ ዊንዶውስ ፈቃዱን ሲያስመዘግብ ወደ ካምፓኒው የሚሄደው መረጃ ጥቂት ነው። 25 ፊደልና ቁጥር ያለው ቁልፍ አለ። የዊንዶውሱ ዓይነት አለ። ከዚያ የኮምፒውተሩ አካላት፣ ማለትም ማዘርቦርዱ፣ ሃርድ ዲስኩ፣ የኔትወርክ ካርዱና የመሳሰሉት፣ ተጨምቀው የሚወጣ አንድ ኮድ አለ። ይህ ኮድ ሀሽ ይባላል። ጅማ ስለሆንን በቡና ላስረዳሽ። ቡና አንዴ ከተፈጨ ወደ ፍሬው አይመለስም። ሀሽም እንዲሁ ነው፤ ከኮዱ ተነስቶ ዕቃውን መልሶ ማወቅ አይቻልም። ያው ዕቃ እንደገና ሲፈጭ ግን ያው ኮድ ይወጣል። ካምፓኒው የሚጠይቀው «ይህ ቁልፍ ከዚህ በፊት ያየሁት ኮምፒውተር ላይ ነው ወይስ ሌላ ላይ?» ብቻ ነው። የተማሪ ስም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የደንበኛ ዝርዝር እዚህ ውስጥ የለም። ዊንዶውስ ስለ አጠቃቀምሽ የሚልከው ሌላ መረጃ አለ፤ እሱ ግን ከፈቃዱ ጋር አይያያዝም። ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቨሲ በሚለው ስር ትቀንሽዋለሽ።

ማዘርቦርድ ከተቃጠለና ከተለወጠ ዊንዶውስ «አላውቅህም» የሚለውም ለዚህ ነው። በክረምት መብራት ሄድ መጣ ሲል ስንት ማዘርቦርድ እንደቀየርኩ አትጠይቂኝ። ባለቤቶቹ «ያበላሸኸው አንተ ነህ» ብለው ይቆጡኛል። ኮምፒውተሩ ግን ለዊንዶውስ አዲስ ኮምፒውተር ሆኗል።

እንግዲህ ያ የደንበኛሽ ወሬ ከየት መጣ? ከታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲወጣ ነው ተራው ተጠቃሚ አክቲቬሽን የሚባለውን የለመደው። 30 ቀን ይሰጥሻል፤ ካላስመዘገብሽ አያስገባሽም። ከዚያ በ2005 ማይክሮሶፍት ከድረ ገጹ ማሻሻያ የሚያወርዱ ሰዎች ዊንዶውሳቸው ኦሪጅናል መሆኑን እንዲያስመረምሩ አስገደደ። በ2006 ደግሞ መርማሪው ፕሮግራም እንደ ማንኛውም የደኅንነት ማሻሻያ ተመስሎ ወደ ሰዎች ኮምፒውተር ገባ። በየቀኑ ወደ ካምፓኒው ሰርቨር እንደሚደውል ታወቀ። ይህንን ማንም አልነገራቸውም ነበር። አሜሪካ ውስጥ «ይሄ ስለላ ነው» ብለው የከሰሱ ሰዎች ነበሩ። ካምፓኒው የሚደውልበትን ጊዜ አራራቀ። እውነቱን ለመናገር ከሳሾቹ ሐቅ ነበራቸው። ሳያሳውቁ ገብቶ መመርመር ምንም ቢሉት ደስ አይልም።

በጣም የሚያስቀው የ2007ቱ ነው። በነሐሴ ወር፣ በፈረንጆች ኦገስት 24፣ የካምፓኒው ሠራተኞች ገና ያልተጠናቀቀ ፕሮግራም በስህተት የመርማሪው ሰርቨር ላይ ጫኑ። ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙ ሰዎች «የእናንተ ዊንዶውስ የተሰረቀ ነው» ተባሉ። ቪስታ የሚባለው ዊንዶውስ የነበራቸው ሰዎች አንዳንድ ነገሮች ጠፉባቸው። ካምፓኒው እንዳለው የተነኩት ከ12,000 ኮምፒውተር በታች ናቸው። ለካስ ፈታሹም ይሳሳታል።

መዝጋት የሚለውም ከዚያው ዘመን ነው። ቪስታ መጀመሪያ ሲወጣ ያልተመዘገበ ኮምፒውተር ላይ ብራውዘር ብቻ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ እንድትከፍቺ ይፈቅድልሽና ያስወጣሽ ነበር። በ2008 ይህ ቀረ፤ ማሳሰቢያ ብቻ ሆነ። በዚያው ዓመት ቻይና ውስጥ ኦሪጅናል ባልሆነ ኤክስፒ የሚሠሩ ሰዎች የስክሪናቸው ጀርባ በየሰዓቱ ጥቁር ይሆንባቸው ጀመር። ትልቅ ጫጫታ ተነሣ። ወሬው ከዚያ ተነሥቶ፣ አገር አቋርጦ፣ እየተጨመረበት ጅማ ደረሰ።

ዛሬስ? ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ሳይመዘገብ ሲቀር የሚሆነው ቀላል ነው። ጥጉ ላይ ጽሑፍ ይቀመጣል። የስክሪን ጀርባና ቀለም ከሴቲንግስ መቀየር አትችይም። ሌላው ይሠራል። ለ11 የደኅንነት ማሻሻያም ይመጣል። አንድ ነገር ግን ለይተሽ ያዢ፦ ኦፊስ ሌላ ነው። ወርድና ኤክሴል የራሳቸው ፈቃድ አላቸው። የኦፊስ ፈቃድ ሲያልቅ ፋይል ይከፈታል፣ ይታተማል፣ መጻፍ ግን ይከለክላል። ለአንቺ ሥራ ይሄኛው ነው የሚያምመው።

አሁን ወደ ፍላሹ ልመለስ። ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ አይደለም።

እኔም ለዓመታት እንደዚያ ልጅ ነበርኩ። ፍላሽ በኪሴ ይዤ እዚሁ ጅማ ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ስዞር እውል ነበር። አንድ ቀን እንደ አንቺ ያለች አንዲት የጽሕፈት ቤት ባለቤት ደወለችልኝ። የያዝኩት ክራክ፣ ማለትም ያ ፈቃድ አስመሳይ ፕሮግራም፣ ያረጀ ነበርና እምቢ አለኝ። እዚያው ኢንተርኔት ላይ ሌላ ፈለግኩ። አወረድኩ። አንቲቫይረሱ ጮኸ፤ አጠፋሁት። ክራክ ሲባል ሁሌም ይጮኻል ብዬ። በማግሥቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ፋይል በሙሉ ስሙ ተለውጧል። አንድም አይከፈትም። በየፎልደሩ አንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ተቀምጧል፦ 980 ዶላር ክፈሉ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ካነጋገራችሁን 490።

ይህ ቫይረስ ስም አለው። ስቶፕ ይሉታል፤ ጄቩ የሚሉትም አሉ። ዋና መተላለፊያው ነፃ ፕሮግራምና ክራክ ፈልገው የሚያወርዱ ሰዎች ናቸው። የሚያጠምደው ኩባንያን አይደለም፤ እኔና አንቺን ነው። ለድሮዎቹ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ኤምሲሶፍት የሚባል ድርጅት መፍቻ ሠርቶ በነፃ ሰጥቷል። የኛው ግን አዲስ ዝርያ ነበር። ፋይሉ ሲቆለፍ ኢንተርኔት ስለነበረ ቁልፉ ለዚያ ኮምፒውተር ለብቻው የወጣ ነው። መፍቻው አልሠራልንም።

ውስጡ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። ሌላ ቅጂ የለውም። ያዳነው አማካሪው በቀይ እስክሪብቶ አርሞ የመለሰለት የታተመ ረቂቅ ነው። ሴትዮዋና እኔ ተካፍለን ሦስት ሌሊት መልሰን ጻፍነው። ሰንጠረዦቹን ሳይቀር። ተማሪው አጠገባችን ቁጭ ብሎ ሻይ እያመጣልን አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ልብ በይ፣ ሁሉም ክራክ እንዲህ ያደርጋል አላልኩም። አንቲቫይረሱ አንዳንዱን «የማጭበርበሪያ መሣሪያ» ብሎ ብቻ ያልፈዋል። ችግሩ ከውጪ ሲታይ ደህናውና መርዘኛው አንድ መሆናቸው ነው። ሁለቱም አንቲቫይረስ አጥፊ ይሉሻል። ሁለቱም የኮምፒውተሩን ሙሉ ሥልጣን ይጠይቃሉ። የልጁ ፍላሽ ደግሞ ካንቺ በፊት ስንት ቤት እንደገባ ማን ያውቃል።

እሺ፣ ምን ይሻላል? ከላፕቶፑ እንጀምር። ደስ የሚል ዜና ሳይኖርሽ አይቀርም።

ስምንተኛ ጄኔሬሽን ካልሽ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የተሠራ ነው። እንዲህ ያሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ውጪ አገር መሥሪያ ቤት ሲገለገልባቸው ቆይተው የሚመጡ ናቸው። ከፋብሪካ ሲወጡ ኦሪጅናል ዊንዶውስ ይዘው ነው የሚወጡት። ዱሮ ቁልፉ ጀርባው ላይ በስቲከር ይለጠፍ ነበር። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ግን ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀብሮ ይመጣል። ሃርድ ዲስኩ ፎርማት ቢደረግም ቢቀየርም አይጠፋም። ስለዚህ ፈቃድሽ ላፕቶፑ ውስጥ ተኝቶ ሳለ በየስድስት ወሩ ለክራክ እየከፈልሽ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ለምን ራሱ አልተመዘገበም? ልጁ ለሁሉም ኮምፒውተር አንድ ፍላሽ ነው ያለው። ብዙ ጊዜ እሱ ላይ ያለው ለድርጅት የሚሸጠው ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ክራኩ ከእሱ ጋር ስለሚስማማ። ማዘርቦርዱ ውስጥ ያለው ቁልፍ ደግሞ የሆም ወይም የፕሮ ነው። ቁልፉና በሩ አልተገናኙም።

መፍትሔው ዊንዶውስ 11ን ከራሱ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዶ ንጹሕ ጭነት ማድረግ ነው፤ ማለትም ዲስኩን አጽድቶ እንደ አዲስ መጫን። ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው፤ የሌሊት ፓኬጅ ገዝተሽ አሳድሪው። ስምንተኛ ጄኔሬሽን 11ን ይቀበላል። ሲጭን ማዘርቦርዱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ አይቶ ዓይነቱን ራሱ ይመርጣል። ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይመዘገባል። ለፈቃዱ አምስት ሳንቲም አትከፍዪም።

ዴስክቶፖቹ ላይ ያን ያህል ተስፋ አልሰጥሽም። የቆዩ ካልሽ የዊንዶውስ 7 ስቲከር የለጠፉ ሳይሆኑ አይቀሩም። በዚያ ቁልፍ ወደ 10 በነፃ መሸጋገር እ.ኤ.አ. በ2023 በይፋ ተዘግቷል። ከዚያ በፊት አንድ ሰው በትክክለኛው መንገድ አሸጋግሯቸው ከነበረ ግን ፈቃዱ ካምፓኒው ዘንድ ከማዘርቦርዱ ጋር ተመዝግቦ ይገኛል። ስለዚህ አንዱ ላይ ንጹሕ ዊንዶውስ 10 ጫኚ፣ ቁልፍ ሲጠይቅ እለፊው፣ ኢንተርኔት አገናኚና እዪ። ሳላስበው «አክቲቬት ሆኗል» ያለኝ ኮምፒውተር አጋጥሞኛል። ካልሆነም ክራክ ከሌለበት ጥግ ላይ ጽሑፍ ካለበት ዊንዶውስ ጋር ትቀሪያለሽ። በውሉ መሠረት ይህም ፈቃድ አይባልም፤ አልዋሽሽም። ከክራኩ ግን ንጹሕ ነው። ሌላው ነገር ዊንዶውስ 10 ራሱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። አሮጌዎቹ ደግሞ 11ን አይቀበሉም።

እኔ ብሆን አንዱን ዴስክቶፕ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም እጭንበት ነበር። ሊኑክስ ሚንት ለአሮጌ ኮምፒውተር ይመቻል፤ ነፃ ነው፤ ፈቃድ የሚባል ጣጣ የለውም። ከዚያ የተማሪዎችን ፍላሽ የምትቀበዪበት እሱ ይሁን። ያ ሾርትከት ቫይረስ የሚሉት መከራ ሊኑክስ ላይ አይሠራም። ከፍተሽ፣ ፒዲኤፍ አድርገሽ፣ ታትሚያለሽ። ኤች ፒ ፕሪንተር ከሊኑክስ ጋር ይግባባል፤ ካኖን አንዳንዴ ያስቸግራል። አማርኛ ኪማን በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ይጻፋል። ሌላው የአማርኛ መጻፊያ ፓወር ግዕዝ ግን የዊንዶውስ ነው። ዩኒኮድ የሚባለውን የጋራ የፊደል አሠራር ባልተከተሉ ፎንቶች የተጻፉ የድሮ ፋይሎችም ሊኑክስ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆኑብሻል።

ሊብሬ ኦፊስ የሚባለውን ነፃ የኦፊስ ምትክ ብዙ ሰው «ከወርድ እኩል ነው» ይልሻል። ለደብዳቤ አዎ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን አይመስለኝም። የገጽ ቁጥሩ፣ ማውጫው፣ ሰንጠረዡ ወደ ወርድ ሲመለስ ይናጋል፤ አማካሪው ደግሞ ወርድ ነው የሚፈልገው። ለዚያ ሥራ አንድ ሕጋዊ ወርድ፣ ላፕቶፑ ላይ፣ ዋጋ አለው። ኢንተርኔት ካለሽ በብራውዘር የሚከፈተው ነፃው ወርድም ለቀላል እርማት ይበቃል።

ዊንዶውሱን ልግዛ ካልሽ የካምፓኒው ዋጋ ለሆም 139፣ ለፕሮ 199 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ርካሹ እንኳ ከአሥር ሺህ ብር ያልፋል። ለአሮጌ ዴስክቶፕ አልመክርሽም። ቴሌግራም ላይ በጥቂት መቶ ብር የሚሸጡት ቁልፎችስ? አብዛኞቹ የአንድ ድርጅት የጅምላ ቁልፍ ናቸው። ሲበዛባቸው ካምፓኒው ያግዳቸዋል። ያኔ ሻጩ ግሩፑን ዘግቶ ሄዷል።

ስለ ሕግም ልበልሽ። በአገራችን በዐዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ሁሉ የቅጂ መብት ጥበቃ አለው። ክራክ እንደማይፈቀድ ግልጽ ነው። የሶፍትዌር ካምፓኒዎች ሰው ልከው ፈቃድ የሚቆጥሩት ግን በአብዛኛው የጅምላ ውል የፈረሙ ትልልቅ ድርጅቶችን ነው። ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ደብዳቤ አስቀድሞ ይደርሳል። አንቺ ጋ የሚመጣው ተማሪ ነው።

ሰኔ ሳይገባ ጨርሺው፤ ከገባ ጊዜ አታገኚም። ከሁሉ በፊት የደንበኞችሽን ፋይል በውጪ ሃርድ ዲስክ ገልብጪ፤ ስትጨርሺ ሃርድ ዲስኩን ንቀዪው። ተሰክቶ የዋለ ቅጂ አብሮ ይቆለፋል። ልጁንም አታባርሪው። ሥራ ያውቃል፤ የሚጠይቀው ሰው ነው ያጣው። «ክራኩን ተወው፣ ንጹሕ ጭነት አድርግልኝ» በዪውና አምስት መቶ ብሩን ለእሱ ክፈዪው። አንቲቫይረሱን ላጥፋ ካለ ግን ሻይ ጋብዘሽ ሸኚው።